በትምህርት ቤት ዙሪያ ያሉ አረቄ ቤቶች ይዘጉ ወይስ አይዘጉ?

አወያይ፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ተማሪዎቻችን ግን እስኪሰክሩ እየጠጡ ነው። ምን ትላላችሁ?

የሞጣው መምህር፦ ይዘጉ! ዕድሜ የሚጠይቅ ሻጭ የለም። ዩኒፎርሙ ላይ ሹራብ ደርቦ ለገባ የ10ኛ ክፍል ልጅ በመለኪያ ይቀዳለታል።

የቡሬው፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። አረቄ እያወጣች ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ስንት እናት አለች! ይልቅ ልጁን ማን ይዞት እንደሚገባ እንይ። ከገጠር መጥተው ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን አስቡ። ሦስት አራት ሆነው በአንድ ክፍል ያድራሉ፤ ስንቅ ከቤተሰብ ይመጣል፤ ማታ "የት አመሸህ?" የሚላቸው የለም። አንዱ ከጋበዘ ሌላውም በተራው መጋበዝ አለበት፤ ካልጋበዘ ቋጣሪ ይባላል። አራት ከሆኑ አራት ዙር ነው። በመጀመሪያው የበቃው ልጅ እንኳ ዙሩ ሳይሞላ አይነሳም።

እናት ከፍኖተ ሰላም፦ ልጆቼ፣ ከቤት ነው የሚጀምረው። ለማኅበር፣ ለጥምቀት ስንጠምቅ ሕፃኑን "ቅመስ" የምንለው እኛው አይደለንም?

የሞጣው መምህር፦ እውነት ነው እማማ። ግን ድግስ ላይ "በቃህ" የሚል ታላቅ አለ። አረቄ ቤት ውስጥ "ጨምር" የሚል እኩያ ብቻ ነው ያለው።

የደጀን ነርስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከልክ ያለፈ የሚለው በአንድ መቀመጫ 60 ግራምና ከዚያ በላይ ንጹሕ አልኮል መጠጣትን ነው። በቢራ ወደ 5 ጠርሙስ ይሆናል። በዳግም አረቄ ግን 200 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ልጁ ራሱን ሲስት ጓደኞቹ ቤተሰብ እንዳይሰማ ብለው ይደብቁታል። እባካችሁ በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ አልነቃ ካለ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት!

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ አልጠጣም ያለ "ወንድ አይደለህም" ይባላል። ክፍላችን ጠባብ ናት፣ መብራትም ይጠፋል፤ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት 11 ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሰብሰብ ብለን የምንቀመጥበት ያው አረቄ ቤቱ ነው።

የሞጣው መምህር፦ ይዘጉ ማለቴን አልተውም። ቤተ መጻሕፍት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንዲከፈት ግን ሰኞ ለርእሰ መምህራችን አቀርባለሁ። የሌላ ትምህርት ቤት መምህራንም ካላችሁ በየበኩላችሁ ጠይቁ።