ጥቆማ ፈላጊ፦ ለሚናከስ ቡችላ አሰልጣኝ ይሻላል ወይስ የሚታኘክ መጫወቻ? (አዲስ አበባ)

የሰሚቷ
ሰላም ለሁላችሁ። የ9 ሳምንት ቡችላ አለን። የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው ብለው ነው የሰጡን፣ ጆሮው ግን እስካሁን አልቆመም። ችግራችን ንክሻው ነው። ልጆቹ ሲሮጡ ተከትሎ ቁርጭምጭሚታቸውን ይይዛል፤ እናቴ ስትመጣ የነጠላዋን ጥለት ነክሶ ሳሎኑን ያዞራታል፤ የኔን እጅ ያየ ሰው ከድመት ጋር የተጣላሁ ነው የሚመስለው። ተናዶ አይደለም፣ ጭራውን እየቆላ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ 1) ቤት ድረስ እየመጣ የሚያሰለጥን የምታምኑት ሰው አለ? 2) ወይስ መጀመሪያ የሚታኘክ መጫወቻ ልግዛ? ከሆነስ የት? መርካቶ ያገኘሁት ፕላስቲክ ነው፣ አንዱን በዋለበት ቀን በጣጥሶ ግማሹን ሊውጠው ነበር። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ግቢ የለንም። አመሰግናለሁ።

የሳር ቤት ልጅ
እህቴ አትድከሚ። ሳር ቤት ያለው የውሻ ምግብ ሱቅ ሂጂ። ሦስቱንም ውሾቼን ያሳደግኩት በነሱ ነው። ባለቤቱ ሰው ነው፣ ሰው!

የሰሚቷ
እሺ፣ መጫወቻ አላቸው?

የሳር ቤት ልጅ
ምግባቸው አንደኛ ነው። የጠገበ ውሻ አይናከስም።

ጡረተኛው
ልጄ፣ ካልተናከሰ ምኑን ውሻ ሆነ? በኛ ጊዜ ቡችላ ሲመጣ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ በርበሬ የገባበት ፍትፍት ይሰጠዋል፤ በቃ። ሌባ አጥራችንን ቀና ብሎ ሳያይ ኖረናል። እናንተ ደግሞ እንዳይነክስ አሰልጣኝ ልትቀጥሩ ነው። ይገርማል።

ዳገት
ጋሼ፣ እሷ ጋ ሌባው የሚመጣው በሊፍት ነው። ሊፍቱ ደግሞ ከተገጠመ ጀምሮ አልሠራም። አይስጉ።

ጎላ ሰፈር
እጅሽን ሬት ቀቢው። እናቶቻችን ጡት ሲያስጥሉን የሚቀቡትን ማለቴ ነው። አንዴ ከቀመሰ አይደግማትም። ሬት ከጠፋ ነጭ ሽንኩርት ጨምቀሽም ይሆናል።

የቢሾፍቱ ሐኪም
የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ነጭ ሽንኩርቱን እባካችሁ ተዉት። ነጭም ቀይም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ሬትም ከላሰው ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል። በርበሬ ሆዱን ከማቃጠል በቀር ያስተማረው ውሻ የለም። ቀን አስሮ ማሳደግም ሌባና እንግዳ የማይለይ ውሻ ነው የሚያወጣው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የሰሚቷ፣ የምትነግሪን ነገር በዚህ ዕድሜ ጤነኛ ነው። ቡችላ እጅ ስለሌለው ሁሉን ነገር የሚመረምረው በአፉ ነው። የወተት ጥርሶቹ 28 ናቸው፣ ጫፋቸው መርፌ ነው። ከ4 ወሩ ገደማ ጀምሮ እየወለቁ በ7 ወሩ 42ቱን ቋሚ ጥርሶች ይጨርሳል፤ በዚያ መሀል ድዱ ስለሚያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። የንክሻን ልክ የሚማረው ደግሞ ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። አጥብቆ ሲነክስ የተነከሰው ጮኾ ጨዋታውን ጥሎበት ይሄዳል። ስለዚህ ነው ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ አትለዩት የምንለው። ይሄኛው በስንት ሳምንቱ ነው የመጣው?

የሰሚቷ
5 ሳምንት ቢሆነው ነው። «እናቱ ማጥባት አቁማለች፣ ቶሎ ውሰዱት» ብለውን ነው።

የቢሾፍቱ ሐኪም
ገባኝ። እንግዲህ የቀረውን ትምህርት እናንተ ልትሰጡት ነው። ሲነክስሽ እጅሽን አትመንጭቂ፤ የሚሸሽ እጅ ለሱ ጨዋታ ነው። ቀጥ በይ፣ ዝም በይ፣ ተነሺና በር ዘግተሽበት ውጪ። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ስትመለሺ መጫወቻ ይዘሽ ነይ፤ ያንን ሲነክስ አመስግኚው። ቁም ነገሩ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ማድረጉ ነው። አንዱ የሚዘጋበት፣ ሌላው እጁን እየሰጠ የሚያስነክሰው ከሆነ አይማርም። አፉን መምታት ወይም ጨምቆ መያዝ ደግሞ እጅን እንዲፈራ ያደርገዋል፤ የፈራ ውሻ ሲያድግ የምሩን ይነክሳል።

ሌላው እንቅልፍ ነው። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል፣ ልጅ ያለበት ቤት ግን ማን ያስተኛዋል? ማታ ማታ ካበደባችሁ ደክሞት ነው። ጸጥ ያለ ቦታ አስተኙት።

ቡልቡላ
አሰልጣኝ የሚል ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል። የኔም ልክ እንዲህ በጨዋታ ይነክስ ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ ውሻ ተቀብሎ የሚያሰለጥን ሰው ጠቆሙኝ። ሙሉውን ቅድሚያ ከፈልኩ። በየሳምንቱ ቪዲዮ ይልክልኝ ነበር፤ «ተቀመጥ» ሲለው ይቀመጣል፣ «ተኛ» ሲለው ይተኛል። ደስ አለኝ። ውሻው ቤት ሲመለስ ግን ጸጉሬን ላክክ እጄን ሳነሳ መሬት ላይ ተለጥፎ ሸና። አንገቱን ስዳስሰው ጸጉሩ ሥር የሰንሰለት ቁስል አለ። ቆዳው ተልጦ ደርቋል። ለካ ቪዲዮው ሁሉ ላይ አንገቱ በሰፊ ማሰሪያ ተሸፍኖ ነበር። ከዚያ የባሰው፣ ድሮ ሲከፋው ያጉረመርም ነበር፤ አሁን ማጉረምረሙን ትቷል። ሳያስጠነቅቅ ዘሎ የወንድሜን ልጅ ክንድ ነከሰው። ስደውል ስልኩ አይነሳም።

ማሂ ጎሮ
እግዚኦ! ማነው? በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ቡልቡላ
ስም አልጠራም፣ ክስ ውስጥ መግባት አልፈልግም።

ለቡ መብራት
ገርጂ አካባቢ ቢሮ ያለው ነው እንዴ?

ቡልቡላ
ስም አልጠራም አልኩ።

ለቡ መብራት
ሰፈር እኮ ነው የጠየቅኩት።

ጀርመን ብቻ
ይቅርታ ግን አንድ ሰው ስላበላሸ አሰልጣኝ ሁሉ አይሰደብም። የኔ አሰልጣኝ የፖሊስ ውሻ ሲያሰለጥን የኖረ ነው፣ ሰንሰለት ይጠቀማል፣ ውሻዬ ወታደር ነው። ጀርመን ጠንካራ እጅ ይፈልጋል። ክልስ ሲሆን ነው የሚበላሸው።

ቡልቡላ
የኔ ንጹሕ ጀርመን ነበር፤ ወረቀት አለው።

ጀርመን ብቻ
ወረቀት አሁን ማን የሌለው አለ?

የቢሾፍቱ ሐኪም
በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ የሚተወው ማጉረምረሙን እንጂ ፍርሃቱን አይደለም። የቡልቡላ ውሻ ላይ የደረሰው ይሄ ይመስለኛል። አሰልጣኝ ስትመርጡ ሲያሰለጥን ቆማችሁ ማየት እንደምትችሉ ጠይቁ። አይቻልም ካለ ሌላ ፈልጉ። የ9 ሳምንት ቡችላን ደግሞ «ተዉልኝና ሂዱ» ለሚል ሰው አትስጡ፤ መማር ያለበት ከቤተሰቡ ጋር መኖርን ነው። ክትባቱን ሳይጨርስም ብዙ ውሻ የዋለበት ቦታ አይሂድ፣ ፓርቮ የሚባል ቡችላ የሚገድል ተላላፊ በሽታ አለ።

የሳር ቤት ልጅ
ሳር ቤት ያሉት አሰልጣኝም ያገናኛሉ።

ዳገት
ሳር ቤት ፓስፖርትም ያድሳሉ?

የሳር ቤት ልጅ
ቀልድ። ሄደህ እየው ከዚያ ታወራለህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ከሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ፔትስማርት የሚባለው የቤት እንስሳት ዕቃ መደብር የቡችላ ክፍል አለው፣ ከነባለቤቱ ነው የሚማረው። ጥሩ ነገር ሲሠራ ብጣሽ ምግብ ይሰጡታል፣ ዱላ የሚባል ነገር የለም። መጫወቻ ከሆነ ደግሞ ኮንግ ፈልጊ፤ መሀሉ ክፍት የሆነ ወፍራም ጎማ ነው። ውስጡ ምግብ ትጠቀጥቂና ፍሪዘር ታስገቢዋለሽ፣ እሱን ሲታገል ይውላል። ለቡችላ ለስለስ ያለው አለ፣ እሱን ነው የምትገዥው። የሚመጣ ሰው ካለሽ አስልኪ።

ማሂ ጎሮ
የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ የሰፈሩ መድኃኒት፣ ጫማና ቫይታሚን ነው ያለው። የውሻ ጎማ ጫንልኝ ብል ዘመድነቴን ይክደኛል።

ለቡ መብራት
ምግብ ከተነሳ ግን፣ ከውጭ የሚመጣውን ደረቅ ምግብ የሚችል አለ? ሐምሌ 2016 ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ እኔ ትቼዋለሁ። ከልኳንዳ ሳንባ እየገዛሁ ከሩዝ ጋር እቀቅልለታለሁ። ጸጉሩ ያብለጨልጫል።

የሳር ቤት ልጅ
ሳር ቤት በኪሎ ከፍለው ይሸጣሉ።

ጎላ ሰፈር
ሳንባ በጥሬው አይሻልም? ጉልበት ይሰጣል ይባላል።

የቢሾፍቱ ሐኪም
በጥሬው በፍጹም። የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ትል ነው። ውሻው ይበላዋል፣ ዕንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ልጆቻችሁ እጅ። በደንብ ይቀቀል።

ሀያት ዞን 5
ቆይ፣ ሁላችሁም ስለ ምግብ ታወራላችሁ፣ ልጆቹን ነክሷል እኮ! ክትባት ያልወሰደ ውሻ ነው! ዛሬውኑ ፓስተር ውሰጃቸው! የጎረቤታችን ዘመድ ጠበል ሄዶ ሲመላለስ ነው የሞተው!

የሰሚቷ
አስደነገጥሽኝ። ደም አልወጣም፣ ትንሹ ልጄ ላይ ግን የጥርስ ጭረት አለ። ሐኪም፣ ምን ላድርግ?

የቢሾፍቱ ሐኪም
አትደናገጪ፣ ችላም አትበይው። የእብድ ውሻ ክትባት ለቡችላ የሚሰጠው 3 ወር ሲሞላው ነው፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ያንቺው ገና አልደረሰም፤ ስለዚህ እናቱ ተከትባ እንደሆነ የሰጧችሁን ሰዎች ዛሬውኑ ጠይቂ። ቆዳ የጫረ ንክሻ ሁሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል። ደም ባይወጣም ጭረት ካለ ልጁን የጤና ባለሙያ ይየው። ፓስተር የምንለው፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ለዚህ የታወቀ ቦታ ነው፤ ቅርብሽ ያለ ጤና ጣቢያም መንገዱን ይነግርሻል። ቡችላውን አትስጡት፣ አታስወግዱት፤ ጤነኛ መሆኑን 10 ቀን ተከታተሉት። ጠበል ለሚሄድ ሰው ተቃውሞ የለኝም፣ ግን ክትባቱን ወስዶ ይሂድ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ጡረተኛው
ይኼ ልጅ ጥሩ ተናገረ። እኔም በልጅነቴ ሆዴ ላይ መርፌውን ተወግቻለሁ፣ አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ሀያት ዞን 5
አሁን ክንድ ላይ ነው የሚወጉት ጋሼ።

ማሂ ጎሮ
የሰሚቷ፣ ጥያቄሽ ጠፍቶ ቀረ፣ እኔ የሠራልኝን ልንገርሽ። እኛም ቤት ሁለት ልጆችና አንድ አበድኩ ያለ ቡችላ ነበር። ምንም አልገዛሁም። ያረጀ ጂንስ በረጅሙ ቀደድኩ፣ ሦስቱን ቁራጭ እንደ ሹሩባ ጎነጎንኩና ጫፍና ጫፉን ቋጠርኩት። ውሃ አርሶ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ነው። ጠዋት ቀዝቃዛውን ሲያኝክ ድዱን ያደነዝዝለታል መሰለኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያኝከው። ክሩ መበጣጠስ ሲጀምር ጣይው፣ ይውጠዋል። ከጉልት ወፍራም ካሮት ገዝተሽ በፍሪጅ ብታቀዘቅዥለትም ይወዳል፤ አጠገቡ ሁኚ እንጂ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን እንዳትሰጭው፣ ይሰነጠቅና ጉሮሮውን ይወጋዋል።

ለልጆቹ፦ ሲመጣባቸው እንዳይሮጡ አስተምሪያቸው። እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ዓይኑን አይዩት። ትንሹ መጀመሪያ እየሳቀ አልቆምም ይልሻል። ውሻው ሲሰለቸው ሄዶ ሲተኛ ካየ በኋላ ግን ራሱ ጨዋታ ያደርገዋል። ብቻቸውን ግን አትተያቸው።

ዳገት
አያትየውስ? ነጠላቸውን ብብታቸው ሥር ይክተቱ?

ማሂ ጎሮ
ሳቅክ? አዎ፣ በር ላይ ሲደርሱ ይጠቅልሉት። ቡችላው አጭር ገመድ ይታሰርለትና እንግዳ ሲገባ የቤት ሰው ይያዘው፣ አራት እግሩን መሬት ሲያደርግ ብቻ ሰላም ይበሉት። የተንጠለጠለ ጥለት ፊቱ እየተወዛወዘ እንዴት ይቻለው?

ዳገት
እሺ ተሸነፍኩ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ያለ ቀልድ፦ ቤቱ መተላለፊያ ላይ የሕፃን መከለያ በር ብትገጥሚ በር መዝጋቱ ይቀልልሻል። ያገለገለ በርካሽ ይገኛል፣ ልጃቸው ያደገ ቤተሰብ ሁሉ አንድ አስቀምጧል። የኔ እህት አላት፣ ከፈለግሽ ልጠይቅልሽ። በነጻ ነው።

ጀርመን ብቻ
ቡችላ በሕፃን በር። ጉድ ነው።

የሰሚቷ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጁን አሳይቼዋለሁ፣ የቡችላው እናትም የተከተበች መሆኗን በካርዷ አየን፤ እፎይ ብያለሁ። ቡችላው ነጠላውን ትቷል። አሁን የጀመረው የጎረቤታችንን የፕላስቲክ ጫማ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ከተቀመጠበት ግራ ግራውን ብቻ ነው የሚወስደው። ለጎረቤት ምን ይባላል?

ለቡ መብራት
ጫማውን ቤታቸው ያስገቡ። ኮሪደር የጋራ ነው።

ሀያት ዞን 5
የጋራ ስለሆነ ነው እኮ ውሻ የማይለቀቅበት። ኮሚቴ አላችሁ? እኛ ጋ በስብሰባ ነው የተከለከለው።

ለቡ መብራት
ኮሚቴው ሊፍቱን አስጠግኖ ይጨርስና ከዚያ ስለ ውሻ ይሰብሰብ።

ጎላ ሰፈር
ጫማው ላይ ሬት...

የቢሾፍቱ ሐኪም
አይሆንም።

ቡልቡላ
የሰሚቷ፣ ለመሆኑ በመጨረሻ አሰልጣኝ ያዝሽ ወይስ መጫወቻውን ገዛሽ?

የሳር ቤት ልጅ
እሁድም ክፍት ናቸው።