በኒምፊያ ቅጠል ውስጥ ያየኋቸው ኮከብ መሰል አካላት ምንድን ናቸው?

መምህር ዘጣና፦
ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ የሚሣለው የቅጠል ውስጣዊ አሠራር ሁልጊዜ የየብስ ተክል ስለሆነ፣ ለተማሪዎቼ የውሃ ተክል ላሳያቸው ብዬ ከጣና ሐይቅ ዳርቻ የኒምፊያ ቅጠል አመጣሁ። ኒምፊያ የምለው ክብ ቅጠሉን ውሃው ላይ ዘርግቶ ሰማያዊ አበባ የሚያወጣውን ነባሩን ተክል ነው፤ እምቦጭን አይደለም። ቅጠሉን በምላጭ በስሱ ቆርጬ በማይክሮስኮፕ ስመለከት ሦስት ነገሮች ጥያቄ ፈጠሩብኝ።

አንደኛ፣ የላይኛው ገጽ በስቶማታ (ቅጠል አየር በሚያስገባባቸውና በሚያስወጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች) የተሞላ ሲሆን በታችኛው ገጽ ላይ ግን አንድም አላገኘሁም። ሁለተኛ፣ በዚሁ በታችኛው ገጽ ላይ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ማቅለሚያ ሳደርግበት ከአካባቢያቸው ተለይተው ቀለሙን አጥብቀው የሚይዙ ጥቃቅን ክብ ነጥቦች ታዩ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የተደፈኑ ስቶማታ ናቸው» ይለኛል። ሦስተኛውና ይበልጥ ያስገረመኝ፣ በቅጠሉ ውስጥ ባሉት የአየር ክፍሎች መካከል እጆቻቸውን በየአቅጣጫው የዘረጉ፣ ግድግዳቸው ወፍራም የሆነ ኮከብ መሰል ሕዋሳት መኖራቸው ነው። በእጆቻቸው ላይ የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶች ተሰክተዋል። እነዚህ ምንድን ናቸው? ለተክሉስ ምን ይጠቅማሉ?

ሥነ ዕፅዋት፦
መምህር፣ ያዩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ጥያቄዎን ያነሡበት ቅደም ተከተልም ለመልሱ ያመቻል።

አብዛኛው የየብስ ቅጠል ስቶማታውን ወደ ታች የሚያደርገው ከፀሐይ ቀጥተኛ ሙቀት ሸሽቶ የውሃ ብክነትን ለመቀነስ ነው። የኒምፊያ ቅጠል የታችኛው ገጹ ውሃውን ነክቶ ስለሚኖር በዚያ በኩል ከአየር ጋር የሚገናኝበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባባቸው ቀዳዳዎች በሙሉ ወደ ላይ ወጥተዋል። የላይኛው ገጽ ሰም የተቀባ በመሆኑ የዝናብ ጠብታ ተንከባልሎ ይወርዳል እንጂ ተዘርግቶ ስቶማታውን አይደፍንም። ከዚህ ገጽ ሥር ክሎሮፕላስት (በብርሃን ምግብ የሚሠራው አረንጓዴ አካል) የሞላባቸው፣ ቀጥ ብለው የተደረደሩ የፓሊሴድ ሕዋሳት በበርካታ ረድፍ ይታያሉ። ከእነሱ በታች ያለው ክፍል አብዛኛው አየር ነው፤ አንድ ሕዋስ ብቻ ውፍረት ባላቸው ቀጫጭን ግድግዳዎች የተከፋፈሉ ሰፋፊ ክፍሎች ናቸው። ውሃ የሚያመላልሱት የዛይለም ቧንቧዎች በአንጻሩ እጅግ የመነመኑ ናቸው። ተማሪዎችዎ ይህን ከየብስ ቅጠል ዛይለም ጋር ጎን ለጎን ቢያዩት ልዩነቱ ወዲያው ይገለጥላቸዋል።

የታችኛው ገጽ ነጥቦች ግን የተደፈኑ ስቶማታ አይደሉም፤ በዚህ ላይ ከባልደረባዎ ጋር አልስማማም። ስቶማ (የስቶማታ ነጠላ) ሁለት ዘብ ሕዋሳትና በመካከላቸው ቀዳዳ ይኖሩታል። እርስዎ ያዩት ሃይድሮፖት ይባላል፤ ቀዳዳ የለውም፣ አንዱ በሌላው ላይ ከተደራረቡ ጥቂት ክብ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ቅጠሉ ገና ሳይዘረጋ በውሃ ውስጥ ተጠቅልሎ ሳለ በዚያ ቦታ ላይ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጭ ፀጉር ነበር፤ ቅጠሉ ሲያድግ የፀጉሩ ጫፍ ይረግፍና ሥሩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ይቀራሉ። በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ያለው ኩቲክል፣ ማለትም ሰም መሰሉ የውጭ ሽፋን፣ ከአካባቢው ይልቅ በቀላሉ የሚያሳልፍ ስለሆነ በውሃ ውስጥ የሟሙ ማዕድናት በዚያ በኩል ወደ ቅጠሉ ይገባሉ። ሜቲሊን ብሉ እነሱን ለይቶ የሚያቀልመውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ቅጠሉ በአንድ ገጹ ከአየር ጋር፣ በሌላው ከውሃ ጋር ይለዋወጣል ማለት ነው።

ኮከቦቹ አስትሮስክለሪድ የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። ሲበስሉ ግድግዳቸው ወፍሮ በጣም ይጠነክራል፤ እጆቻቸው በፓሊሴዱ መካከል ሽቅብ፣ ወደ አየር ክፍሎቹም ቁልቁል ይዘረጋሉ። የሚያብረቀርቁት ቅንጣቶች ካልሲየም ኦክሳሌት ናቸው። በአብዛኞቹ ተክሎች ይህ ክሪስታል የሚቀመጠው በሕዋሱ ውስጥ ባለው ቫኪዩል፣ ማለትም በፈሳሽ በተሞላው ከረጢት ነው፤ በኒምፊያና በዘመዱ በኑፋር ግን በግድግዳው ውስጥ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ግድግዳ መካከል ተሰክቶ ይገኛል። ይህ ለእኔ ከቅጠሉ ሁሉ እጅግ የሚያምረው ክፍል ነው፤ ክሪስታሉ ቀድሞ ከሕዋሱ ሽፋን ጠርዝ ላይ ይሠራል፣ ሁለተኛው ግድግዳ በኋላ መጥቶ ከውስጥ በኩል ይሸፍነዋል። ስለ ጥቅማቸው ሁለት ሐሳብ ይቀርባል፦ አንዱ በአየር የተሞላው ለስላሳ አካል እንዳይጨፈለቅ ይደግፋሉ የሚል፣ ሌላው ቅጠሉን የሚበሉ ነፍሳትንና ቀንድ አውጣዎችን ይከላከላሉ የሚል ነው። ሁለቱ የሚቃረኑ አይመስሉኝም፤ ጠንካራና ሻካራ አካል በአየር ክፍል መካከል ቆሞ ሁለቱንም ሥራ ሊሠራ ይችላል።

የላብራቶሪ ሰው፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ የአሠራር ነገር ልጨምር። ክሪስታሎቹ ካልሲየም ኦክሳሌት መሆናቸውን በትምህርት ቤት ደረጃ ማረጋገጥ ይቻላል። በቁራጩ ላይ አሴቲክ አሲድ ቢያንጠባጥቡበት ክሪስታሉ አይሟሟም፤ በውሃ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን አረፋ ሳያወጣ ይጠፋል። ካልሲየም ካርቦኔት ቢሆን ኖሮ በአሴቲክ አሲድም አረፋ እያወጣ ይሟሟ ነበር።

ፖላራይዝድ ብርሃን (ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን) የሚሰጥ ማይክሮስኮፕ ከሌለዎት ሁለት ቁራጭ ፖላራይዚንግ ፊልም ያግኙ፤ አንዱን ከመብራቱ በላይ፣ ሌላውን ከዓይን ሌንሱ ላይ አድርገው ሜዳው እስኪጨልም ድረስ ያዙሩት። በጨለማው ውስጥ ኮከቦቹ ያበራሉ። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የሚያበራው ክሪስታሉ ብቻ አይደለም፤ ወፍራሙ ግድግዳ ራሱ በሴሉሎስ አደራደሩ ምክንያት ያበራል። ስለዚህ በአሲድ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ያለውን ማነጻጸር ያስፈልጋል። ነጠብጣቦቹ ጠፍተው የኮከቡ ቅርጽ ብቻ እያበራ ከቀረ ምርመራው ተሳክቷል።

ስለ አቆራረጡም፣ ትኩስ የኒምፊያ ቅጠል በምላጭ ሲጫኑት አየር ክፍሎቹ ይጨፈለቃሉ። ቅጠሉን በሁለት ቁራጭ ካሮት መካከል አጣብቆ አንድ ላይ መቁረጥ ይረዳል። በቁራጩ ውስጥ የሚቀሩት የአየር አረፋዎች ጥቁር ክብ ሆነው ስለሚታዩ ተማሪ ከሕዋስ ጋር ያምታታቸዋል፤ ቁራጩን ለጥቂት ጊዜ አልኮል ውስጥ ቢያኖሩት አብዛኛው አየር ይወጣል።

መምህር ዘጣና፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአሲዱን ምርመራ አደረግሁ፤ በአሴቲክ አሲድ ምንም አልተለወጠም፣ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ነጠብጣቦቹ ጠፉ። ተማሪዎቼ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አንሥተዋል። ቅጠሉ እንዲንሳፈፍ ብቻ ከሆነ ይህን ያህል አየር ለምን አስፈለገው? የቅጠሉን ዘንግ አግድም ቆርጠን ስናየው ደግሞ እንደ ማር ሰፈፍ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ አገኘነው።

ከሚሺጋን፦
የተማሪዎችዎ ጥያቄ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። አየሩ ለመንሳፈፍ ይረዳል፤ ዋናው ሥራው ግን ከጭቃው ጋር የተያያዘ ነው። የኒምፊያና የኑፋር ግንድ፣ ማለትም ራይዞሙ፣ ኦክስጅን በሌለበት በሐይቅ ወለል ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል፤ መተንፈስ የሚችለው ከላይ አየር ከወረደለት ብቻ ነው። ጆን ዴሲ የተባለ ተመራማሪ እዚህ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ቢጫ አበባ ባለው ኑፋር ላይ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት ይህ አየር እንዲሁ በዝግታ የሚሠርግ ሳይሆን በግፊት የሚነፍስ መሆኑን አሳየ። በአንድ ተንሳፋፊ ቅጠል በኩል በቀን እስከ 22 ሊትር አየር ሊገባ እንደሚችል ለካ።

አሠራሩ በማይክሮስኮፕ ከምታዩት ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በወጣት ቅጠል ውስጥ፣ በላይኛው ክፍልና ከሥር ባሉት ሰፋፊ የአየር ክፍሎች መካከል ያሉት የሕዋሳት ክፍተቶች እጅግ ጠባብ ናቸው። ፀሐይ ቅጠሉን ስታሞቀው፣ በውስጡም እርጥበት ሲበዛ፣ አየር በእነዚህ ጠባብ ክፍተቶች ወደ ሞቃቱ ክፍል ይገባል፤ እንደገባው ያህል ግን በዚያው ተመልሶ መውጣት ያቅተዋል። በዚህ ምክንያት በውስጡ ግፊት ይጠራቀምና አየሩ በዘንጉ ቦዮች ቁልቁል ወደ ራይዞሙ ይነፍሳል። ቅጠሉ ሲያረጅ ክፍተቶቹ ይሰፋሉ፣ ግፊት መያዝም ያቆማል። ስለዚህ ከወጣቱ ቅጠል የገባው አየር ራይዞሙን አልፎ በአሮጌው ቅጠል ይወጣል፤ ሲወጣም በጭቃው ውስጥ የተፈጠረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሜቴን ይዞ ነው። አሮጌው ቅጠል ምግብ ከመሥራቱ በተጨማሪ የመውጫ በር ሆኖ ያገለግላል፤ የደከመ ቅጠል ሁሉ የማይጠቅም ይመስለን ለነበርነው ይህ ብዙ ያስተምራል።

ሥነ ዕፅዋት፦
በዚህ ላይ አንድ ማነጻጸሪያ ልጨምር። መምህር፣ ከዚያው ሐይቅ የእምቦጭ ቅጠል ቆርጠው ለተማሪዎቹ ቢያሳዩ ጥሩ ትምህርት ይሆናል። እምቦጭ ቅጠሉን ከውሃው በላይ ስለሚያቆም ስቶማታው በሁለቱም ገጾች ላይ ይገኛል፤ በውስጡም ኮከብ መሰል ስክለሪድ ሳይሆን መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ታያላችሁ። ሁለቱም በአየር የተሞሉ የአንድ ውሃ ተክሎች ናቸው፤ ዝምድናቸው ግን እጅግ የራቀ ስለሆነ ያንኑ ችግር የፈቱት በተለያየ የሕዋስ አሠራር ነው።

ከኒምፊያውም ቢሆን ውሃው ሥር ገና ያልወጣ ለጋ ቅጠል ካገኙ፣ የታችኛውን ገጽ በሜቲሊን ብሉ አቅልመው ይዩት። ፀጉሮቹ ሳይረግፉ፣ ዝልግልጉ ፈሳሽ ሳይደርቅ ስለሚያገኟቸው፣ ሃይድሮፖቱ ከፀጉር እንደሚመጣ ለባልደረባዎ በዓይን ማሳየት ይችላሉ።