የናፍጣና የማገዶ ጥቀርሻን በኤታሎሜትር መለየት (ደሴና ኮምቦልቻ)፦ ቁጥሩ ለምን አይረጋም?

ቦርከና_ዳር
ሰላም ለቤቱ። ባለ ሰባት ሞገድ ኤታሎሜትር (ኤኢ33፤ አየር በማጣሪያ ቴፕ ላይ እየሳበ ጥቀርሻው የሚመጥጠውን ብርሃን በሰባት የሞገድ ርዝመት የሚለካ ማሽን) መጀመሪያ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሰገነት ላይ፣ ቀጥሎ ኮምቦልቻ ሊተከል ነው። የሚፈለገው አየሩ ውስጥ ካለው ብላክ ካርበን (ጥቁር ጥቀርሻ) ምን ያህሉ ከናፍጣ፣ ምን ያህሉ ከማገዶ እንደመጣ ማወቅ ነው። የሙከራው ዳታ ግን ግራ ያጋባል። ማሽኑ ራሱ የሚሰጠው የማገዶ ድርሻና ከአንድ ጥናት በተወሰደ ሌላ አንግስትሮም ኤክስፖነንት (ሞገዱ ሲያጥር መምጠጡ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሳይ ቁጥር) የሚሰላው በጭራሽ አይገናኙም። ከቻናሎቹ (ከየሞገዱ ንባብ) ላይ በእጅ ሲሰላ ደግሞ አንግስትሮም ኤክስፖነንቱ 0.5 አካባቢ ይወጣል። በዚያ ላይ የጠዋቱ ጭስ ግራፉ ላይ ከፍ የሚለው 7 ሰዓት ላይ ነው፤ በምሳ ሰዓት! የት ጋ ነው የተሳሳትነው?

ጥቀርሻ
ከ0.5 እንጀምር። ኤኢ33 በየቻናሉ የሚጽፈው የብላክ ካርበን መጠን እንጂ የተመጠጠውን ብርሃን አይደለም። እያንዳንዱ ቁጥር ለዚያ ሞገድ በተሰጠው የመምጠጥ መጠን (አንድ ግራም ብላክ ካርበን ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥጥ) አስቀድሞ ተካፍሏል፤ ይህ አካፋይ ደግሞ የሞገዱ ርዝመት በጨመረ ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰባቱም ቻናሎች እኩል ካነበቡ ኤክስፖነንቱ 0 ሳይሆን 1 ነው ማለት ነው። መጀመሪያ መልሰህ አባዛ፦ 470 ናኖሜትርን በ14.54፣ 880ን በ7.77፣ 950ን በ7.19።

ለምሳሌ 470ው 14 ማይክሮግራም፣ 950ው 10 ማይክሮግራም አነበበ እንበል። ሲባዛ 203.6 እና 71.9 ይሆናል። የሁለቱ ክፍፍል ሎጋሪዝም ለ950/470 ሎጋሪዝም ሲካፈል 1.48 ይመጣል። ሳታባዛ ብታሰላው 0.48 ታገኛለህ፤ ያንተ 0.5 ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማሽኑ ለናፍጣ 1፣ ለእንጨት 2 የሚል ኤክስፖነንት ይዞ ነው የሚሠራው። በዚህ ከላይ ያለው ንባብ 950 ላይ የማገዶው ድርሻ 39 በመቶ ይሆናል። በ2017 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ በካርበን 14 (የዕፅዋትን ጭስ ከነዳጅ ጭስ በሚለይ የካርበን ዓይነት) ተመሳክሮ የወጣውን 0.9 እና 1.68 ብታስገባ ያው ንባብ 69 በመቶ ይሆንልሃል። አየሩ አንድ፣ ማሽኑ አንድ፤ የተለወጠው የገመትከው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ኤክስፖነንቱን ሳይጠቅሱ «ማገዶ ይህን ያህል በመቶ» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ዋጋ የለውም።

ሁለቱም ጥንድ ቁጥሮች የአውሮፓ ምድጃና መኪና ውጤት ናቸው። ባሕር ዛፍ፣ ጭራሮና ኩበት የሚነድበት ግቢ ሌላ ነው። ከሁሉ በላይ የአነዳዱ ሁኔታ ይወስናል፦ እርጥብ እንጨት እየታፈነ ሲጨስ ቡናማ ካርበን (አጫጭር ሞገዶችን አብዝቶ የሚመጥጥ የጭስ ክፍል) ይበዛና 370 እና 470 ላይ ያለው መምጠጥ ወደ ላይ ይተኮሳል። ደረቅ እንጨት ምጣድ ሥር ሲንበለበል ግን ኤክስፖነንቱ ወደ 1 እየተጠጋ ናፍጣ ይመስላል። እናም በአሪፍ እሳት የተጋገረ እንጀራ ጭሱ በማሽኑ ዓይን የሲኖትራክ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው የራስህን ኤክስፖነንት ማውጣት ነው። ማሽኑን ለጥቂት ቀናት ሐረጎ ዳገት ዳር ትከለው፤ ከኮምቦልቻ ጭነው የሚወጡ መኪኖች ሞተራቸው ተጨንቆ ስለሚያልፉ ጭሱ በዙሪያው ካለው አየር ጎልቶ ይነበባል። መኪና ከማለፉ በፊት የነበረውን ንባብ በየቻናሉ ቀንስና የቀረውን ብቻ አስላ። ከዚያ እንጀራ ለገበያ የሚጋገርበት ግቢ አጠገብ በተመሳሳይ መንገድ ድገም፤ እሳቱ ሲለኮስ፣ ሲነድና ሲከስም ያለውን ለየብቻ ያዝ። የሚወጣው አንድ ቁጥር ሳይሆን ክልል ነው። ውጤቱንም በክልል ጻፈው።

ጦሳ_ግርጌ
በ«ጥቀርሻ» ላይ የምጨምረው ከፍታውን ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ግፊቱ ደሴ ላይ ወደ 750፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 815 ሄክቶፓስካል ይሆናል። ማሽኑ የአየሩን መጠን በየትኛው ግፊትና ሙቀት እንደሚያሰላ ሴቲንጉ ላይ ይመረጣል። በ1013 ሄክቶፓስካልና በ25 ዲግሪ ከሆነ የተሰላው፣ ደሴ ላይ በ15 ዲግሪ ሰው የሚተነፍሰውን ለማግኘት በ0.77 ገደማ ታባዛለህ። ኮምቦልቻ ላይ በ20 ዲግሪ 0.82 ገደማ ነው። አንዱን ከተማ በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ሴቲንግ ለክተህ ካነጻጸርክ ልዩነቱ የጭስ ሳይሆን የአየር ግፊት ነው። ማሽኑ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ፍሰቱን በውጭ ፍሰት መለኪያ እንደገና ፈትሽ፤ ደሴ ላይ የተስተካከለውን አትመን።

ሰዓቱ ቀላል ነው፣ አብሽር። ማሽኑ በዓለም አቀፍ ሰዓት መዝግቦ፣ ኮምፒውተሩ 3 ጨምሮበት፣ አንተ ደግሞ በሐበሻ ሰዓት አንብበኸዋል። የጠዋቱ 1 ሰዓት በፈረንጅ 7 ነው፤ ግራፉ ላይ ያየኸው 7 እሱ ነው። ጥሬ ዳታውን በዓለም አቀፍ ሰዓት ተወው፤ ግራፍ ስትሠራ ብቻ 3 ቀንስ፣ የኛን ሰዓት ይሰጥሃል።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ማሽኑ ቴፑን ወደ አዲስ ቦታ ያሳልፋል፤ ብርሃኑ እስኪረጋ ያለው ንባብ ይጣላል። ዩፒኤስ ካልተገጠመለት ቴፑ በከንቱ ያልቃል። በጄኔሬተር የምትተካ ከሆነ የጭስ ማውጫው ከአየር መሳቢያው የት እንዳለ እይ፤ አለበለዚያ የራስህን ጄኔሬተር ነው የምታጠናው። ቴፑ ቶሎ ቶሎ የሚሄደው በጭሱ ብዛት ከሆነ ፍሰቱን በደቂቃ ከ5 ሊትር ወደ 2 አውርደው።

ኳርትዝ47
ኤታሎሜትር ብቻውን ከሰልን አያይልህም፤ ደሴ ላይ ደግሞ ከሰል ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጎን ለጎን በማጣሪያ ላይ የአየር ናሙና ሰብስብ። 47 ሚሊሜትር ኳርትዝ ማጣሪያውን በ550 ዲግሪ ለሰዓታት ካልጋገርከው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ኦርጋኒክ ካርበን ውጤቱን ያበላሻል። በተጋገረ አሉሚኒየም ፎይል ጠቅልል፣ ከተሰበሰበ በኋላ በቀጥታ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ አስገባ። አየር ያልተሳበበት ባዶ ማጣሪያም አብሮ ወደ ቦታው ሄዶ ይመለስ።

አንድ ወጥመድ አለ። ማጣሪያው ከልክ በላይ ከጠቆረ፣ በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 15 ማይክሮግራም ኤለመንታል ካርበን (የጥቀርሻው ጥቁር ካርበን) ሲደርስ፣ የትንተናው ሌዘር ማለፍ ያቅተውና የኦርጋኒክና የኤለመንታል ካርበን ወሰን ይሳሳታል። በደቂቃ 16.7 ሊትር ለ24 ሰዓት ስትስብ 24 ሜትር ኩብ ነው። የማጣሪያው የተጋለጠ ስፋት 12 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን፣ አየሩ በሜትር ኩብ 7.5 ማይክሮግራም ኤለመንታል ካርበን ሲኖረው ጣሪያው ላይ ደርሰሃል። መንገድ ዳር ከሆንክ 12 ሰዓት ይበቃል።

ከዚያ ሌቮግሉኮሳን ለካ፤ ሴሉሎስ (የዕፅዋት አካል) ሲቃጠል ብቻ የሚወጣ ውህድ ነው። ከእንጨትም ከኩበትም ይመጣል። ከሰል ግን ሲከሰል ሴሉሎሱ ስላለቀበት የሚሰጠው ጥቂት ነው። ካርበን 14 ደግሞ የናፍጣውን በንጽህና ይለያል፤ ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ስለሆነ ነዳጅ ውስጥ አንድም አልቀረም። ከሰልና እንጨትን ግን ሁለቱም የትናንት ዛፍ ስለሆኑ አይለይም። እንግዲህ ካርበን 14 ማገዶ ነው ካለ፣ ሌቮግሉኮሳኑ ደግሞ ካነሰ፣ ከሰልን ጠርጥር። በጀትህ ጥቂት የካርበን 14 ናሙና ብቻ ከቻለ፣ ኤታሎሜትሩ እጅግ ብዙ ናፍጣና እጅግ ብዙ ማገዶ ያሳየባቸውን ቀናት መርጠህ ላክ። ኤክስፖነንቱን የሚያስተካክሉልህ እነሱ ናቸው።

ቦርከና_ዳር
እግዜር ይስጥልኝ። ማባዣው አልገባም ነበር፤ አሁን 1.5 አካባቢ እየመጣ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር፦ በበጋ ኮምቦልቻ ላይ አቧራው ከባድ ነው፤ ያስቸግራል? ርካሽ የፒኤም 2.5 (ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ ቅንጣቶች) ሴንሰሮችስ በየሰፈሩ ቢበተኑ ይረዳሉ?

ጥቀርሻ
አዎ፣ አቧራው ያስቸግራል። አፈሩ ውስጥ ያለው የብረት ኦክሳይድ አጫጭር ሞገዶችን ስለሚመጥጥ ኤክስፖነንቱን ወደ ላይ ይጎትትና አቧራው ማገዶ ሆኖ ይቆጠራል። የፒኤም 2.5 ሳይክሎኑን (ትልልቅ ቅንጣቶችን የሚያስቀረውን መግቢያ) በፒኤም 1 ቀይረው፤ አቧራው በብዛት ሻካራ ስለሆነ አብዛኛው እዚያ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ኤክስፖነንቱ አብሮ የሚጨምር ከሆነ ገና እየገባ ነው ማለት ነው።

ርካሾቹ ሴንሰሮች ቅንጣት የሚቆጥሩት በተበተነ ብርሃን ነው። ትኩስ የናፍጣ ጥቀርሻ ደግሞ ብርሃን መጣጭ ነው፤ መጠኑም በብዛት ወደ 0.1 ማይክሮሜትር ስለሆነ እነሱ ከሚያዩት ከ0.3 በታች ይወድቃል። ጢጣና ሆጤ ላይ አስቀምጠህ የማታውን ጭስ መነሻና መጥፊያ ሰዓት ማነጻጸር ትችላለህ። የናፍጣውን ድርሻ ግን ከእነሱ አትጠብቅ።

ጦሳ_ግርጌ
ሰገነቱን ስትመርጥ ደግሞ የጎረቤት ማድቤት ጭስ መውጫ ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር እይ። ደሴ ማታ ቅዝቃዜው ሲወርድ ጭሱ ገንዳው ውስጥ ተኝቶ ያድራል፤ የሌሊቱ ንባብ የከተማው እንጂ የአንድ ቤት እንዳይሆን መሳቢያው ከጣሪያው ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍ ይበል። የቱቦው ግንኙነቶችም አየር እንዳያስገቡ በየሳምንቱ ይፈተሹ፤ በተለይ ከዝናብ በኋላ የውሃ መያዣው ጠርሙስ ተከፍቶ ሲገጠም።