አዲስ አበባና ሀዋሳ ያሉ የቢሮ ስልኮችን በውስጥ ቁጥር ማገናኘት፦ ድምፁ ባንድ በኩል ብቻ ነው የሚሰማው

ብቸኛው_አይቲ፦
ሰላም ጎበዞች፣ እስቲ እርዱኝ። ዋና ቢሯችን አዲስ አበባ ነው፣ ሀዋሳ ቅርንጫፍ አለን፣ ሁለቱም ጋ ያለው ፒቢኤክስ (የቢሮውን ስልኮች የሚያገናኘው ሳጥን) ግራንድስትሪም ዩሲኤም 6202 ነው። እዚህ 30 ምናምን ስልክ አለ እዛ 12። እስካሁን ሀዋሳ የሚደውል ሰው በራሱ ሞባይል ነው የሚደውለው፣ ከዛ የካርድ ይከፈለኝ እያለ ፋይናንስን ያሰለቻል፣ በመጨረሻ አለቃዬ "ጎኔ ያለው ቢሮ በሶስት ቁጥር እየደወልኩ ሀዋሳ የማልደውለው ለምንድነው" አለኝ፣ እኔም አፌን ሞልቼ ይቻላል አልኩ 😅

ያረኩት ይሄ ነው፣ አዲስ አበባ ስታቲክ አይፒ (የማይቀያየር የኢንተርኔት አድራሻ) ስላለን ራውተሩ ላይ ለጥሪው ፖርት 5060ን እና ለድምፅ ከ10000 እስከ 20000 ያለውን ከፈትኩ፣ ሀዋሳ ያለው (በፎርጂ ራውተር ነው የሚሰራው) እዚህኛው ላይ እንዲመዘገብ አረኩ። ትራንኩ (ሁለቱን ፒቢኤክስ የሚያገናኘው መስመር) አረንጓዴ ሆነ። ስደውል ይጠራል፣ ይነሳል፣ እኔ እነሱን እሰማለሁ እነሱ ግን እኔን አይሰሙም፣ "ሃሎ ሃሎ" ብለው ይዘጉታል። ሌላው ደግሞ ሁለቱም ጋ ቁጥሩ ከ101 ነው የሚጀምረው ስለዚህ ሀዋሳ ለመደወል ፊቱ 8 ጨምሬበታለሁ፣ አለቃው ደግሞ 8ቷን አልወደዳትም።

ሽቦ_ጎታቹ፦
ወንድሜ ኔትወርኩስ? ሁለቱም ቢሮ 192.168.1 ምናምን ነው እንዳትለኝ ብቻ።

ብቸኛው_አይቲ፦
ነው 🙈

ሽቦ_ጎታቹ፦
በቃ ችግርህ እሱ ነው። ጥሪ ሲነሳ የሀዋሳው ፒቢኤክስ "ድምፁን በዚህ አድራሻ ላክልኝ" ብሎ የራሱን የውስጥ አይፒ ነው የሚሰጠው፣ ያንተው ደግሞ ያን አድራሻ ሲያየው የራሱ ሰፈር መስሎት እዛው ቢሮህ ውስጥ ይልከዋል፣ ምናልባት እስካሁን ለፕሪንተሩ ስታወራ ነበር። ኔትወርኩ ባይመሳሰል እንኳን በኢንተርኔት ላይ የውስጥ አይፒ የትም አያደርስም። የነሱ ድምፅ አንተ ጋ የሚደርሰው ያንተ አይፒ የታወቀ ስለሆነና ፖርቱን ስለከፈትክ ነው።

ስለዚህ ትራንኩን ተወውና መጀመሪያ ሀዋሳን ወደ 192.168.20 ቀይረው፣ ከዛ ሁለቱም ጋ ማይክሮቲክ ራውተር አርገህ ዋየርጋርድ (ሁለቱን ቢሮ በኢንተርኔት ላይ በተዘጋ መንገድ የሚያገናኝ ቪፒኤን) አንሳ። የፎርጂው አይፒ ከውጭ ስለማይገኝ የቪፒኤኑን ግንኙነት የሚጀምረው ሀዋሳ ይሁን፣ ኪፕአላይቩን 25 ሰከንድ አርገው፣ አለበለዚያ ዝም ብሎ ሲቆይ መንገዱ ይዘጋብሃል። አዲስ አበባ የምትከፍተው አንድ ፖርት ብቻ ነው፣ 51820። ትራንኩን ከዛ በኋላ በውስጥ አይፒ ታገናኘዋለህ።

የቁጥሩን ነገር ደግሞ 12ቱን የሀዋሳ ስልኮች ወደ 201፣ 202 እያልክ ቀይራቸው፣ ግማሽ ቀን አይፈጅብህም። የአዲስ አበባውን አትንካ፣ ሰው ቢዝነስ ካርዱ ላይ አሳትሞታል። ከዛ እዚህ ከ2 የሚጀምር ባለ ሶስት አሃዝ ሲደወል ወደ ሀዋሳ ትራንክ፣ እዛ ከ1 የሚጀምር ወደ አዲስ አበባ። ገቢው በኩል መድረሻውን በተደወለው ቁጥር አርገው፣ የሚቆረጥ አሃዝ ዜሮ። ይሄን ረስተው ሁሉም ጥሪ ኦፕሬተሯ ላይ የሚያርፍባቸው ብዙ ናቸው።

ፖርት_ዝጋ፦
ሌላውን ሁሉ ከማድረግህ በፊት 5060ን ዛሬ ዝጋው!! ድሮ የሰራሁበት ቤት እንደዚሁ ከፍተውት የኤክስቴንሽኑ (የውስጥ ቁጥሩ) ፓስወርድ ከቁጥሩ ጋር አንድ ነበር (105 ፓስወርዱም 105)፣ ቅዳሜና እሁድ ማንም በሌለበት ሰዎች ገብተው ውጭ አገር ሲደውሉበት ከረሙ፣ ቢሉ ሲመጣ ሂሳብ ሹሟ እኔን ነው የጠራችኝ። ኢንተርኔት ላይ 5060 የሚፈልጉ ሮቦቶች ሌሊትም አይተኙም፣ ሎግህን ክፈትና እየው።

ደግሞ በትራንኩ የውስጥ ቁጥር ብቻ ይለፍ፣ ከአንዱ ቢሮ ገብቶ በሌላው ቢሮ መስመር ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር እንዳታስለምድ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ 761/2004ን አንብበው፣ የሰው ጥሪ ማሳለፍና የራስን ቢሮ ማገናኘት ለየቅል ናቸው።

ሻይ_በሎሚ፦
ለ12 ስልክ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ቪፒኤኑን ካነሳህ በኋላ የሀዋሳ ስልኮችን በቀጥታ አዲስ አበባው ላይ አስመዝግባቸውና የዛኛውን ፒቢኤክስ ነቅለህ አስቀምጠው።

ሽቦ_ጎታቹ፦
ይሰራል፣ ግን ኢንተርኔት የጠፋ ቀን ሀዋሳ ያሉት ጎረቤት ክፍል እንኳን መደዋወል አይችሉም። አዲስ አበባ መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ ካለቀም እንደዛው። ፒቢኤክሱ ተገዝቶ ከተቀመጠ ይስራ እንጂ።

መስመሩንም አስላው፣ ጂ 711 (ድምፁ የሚላክበት ኮዴክ) ለአንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ይወስዳል፣ ቪፒኤኑ የሚጨምረውን ይዘህ 120 በለው። 4 ሰው ባንዴ ካወራ 480 ነው፣ ችግር የሚመጣው ወደ ላይ በሚወጣው በኩል ነው፣ አንዱ ትልቅ ፋይል መላክ ሲጀምር ድምፅ ይቆራረጣል። ማይክሮቲኩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ ስጥ፣ ካልበቃህ ድምፁን ይበልጥ የሚጨምቀው ጂ 729 ግማሽ ገደማ ነው የሚወስደው።

ብቸኛው_አይቲ፦
ሳምንት ፈጀብኝ ግን ቪፒኤኑ ተነሳ፣ ፒንግ ያደርጋል፣ ፖርቶቹንም ዘጋሁ (ሎጉን አየሁት፣ እግዜር ይስጥህ ፖርት_ዝጋ፣ ማታ ማታ ስንቱ ሲያንኳኳ ነበር)። ግን አሁን ተገለበጠብኝ!! እነሱ እኔን ይሰሙኛል እኔ እነሱን አልሰማም።

ሽቦ_ጎታቹ፦
😂 ገባኝ። በፊት ሲፕ (የጥሪ) ሴቲንግ ውስጥ "NAT" የሚለው ቦታ ላይ ስታቲክ አይፒህን ጽፈህ ነበር አይደል? ፒቢኤክሱ አሁንም ለሀዋሳ ያንን ነው የሚሰጠው፣ እነሱም ድምፁን በቪፒኤን ሳይሆን በውጭ ይልኩታል፣ አንተ ደግሞ በሩን ዘግተሃል። እዛው ገጽ ላይ የውስጥ ኔትወርክ የሚለው ጋ 192.168.20ንም ጨምር። ራውተሮቹ ላይም ሲፕ ኤኤልጂ (ራውተሩ በጥሪው ውስጥ ያለውን አድራሻ በራሱ የሚቀይርበት ነገር) ካለ አጥፋው።

ብቸኛው_አይቲ፦
ሰራ!!! 204 ደወልኩ፣ የሀዋሳ ስቶር ኪፐር አነሳና "ከየት ነህ" አለኝ፣ ስክሪኑ ላይ 117 ብቻ ስላየ የራሳቸው ቢሮ መስሎት። አለቃው አሁን በየአስር ደቂቃው ሀዋሳ እየደወለ ነው፣ እነሱ ደግሞ ቁጥሩን መልሰህ ቀይርልን እያሉኝ ነው 😂