ለጫጉላ ዛንዚባር ወይስ ላሊበላ?

የደሴዋ ሙሽራ፦ ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔ አሸዋ ላይ ተጋድሜ ባህር ማየት ነው የምፈልገው። እጮኛዬ ደግሞ መጋደም አይሆንለትም፤ የድሮ ከተማ፣ ገበያ፣ ታሪክ ካላየ ይታመማል። የታንዛኒያዋን ደሴት ዛንዚባርን አሰብን። ቤተሰብ «በዚህ ኑሮ ባህር ማዶ? ነውር ነው» አለ። ምን ትላላችሁ?

ጋሽ ኮምቦልቻ፦ ልጄ፣ እውነታቸውን ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። ያን ብር ላሊበላ ብታወጡት 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ታያላችሁ፤ ጎብኚ የራቀው አስጎብኚም እንጀራ ይበላል። ውሃ ካማረሽ ሐይቅ አለልሽ፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ገዳሙን ትሳለማላችሁ፣ አሳ ትበላላችሁ።

ሐይቄዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። እሱ ሊሳለም ሲገባ እሷ ውጭ ትጠብቅ? ያውም በጫጉላዋ! አሳው ግን እውነት ነው።

ጋሽ ኮምቦልቻ፦ እሺ፣ ሐይቁን ተይው። ላሊበላን ግን አልመለስሽልኝም።

ትኬት ቆራጩ፦ እኔ በሙያዬ ልግባ። ዋናው ነገር መቼ ትሄዳላችሁ የሚለው ነው። ዛንዚባር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ ይወርዳል፤ የሚዘጋ ሆቴልም አለ። የእኛ ሰርግ ደግሞ ወይ ጥር ነው ወይ ሚያዝያ። ጥር ላይ ዋጋው ጣራ ይነካል፣ ሚያዝያ ላይ ዝናብ ቆጥራችሁ ትመለሳላችሁ። መልስና ቅልቅሉን ጨርሳችሁ ሥራ ግቡ፤ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሂዱ። ዝናቡ አልፏል፣ የሐምሌና የነሐሴ ፈረንጅም ገና አልጎረፈም።

ጸባችሁንም እዛው ትፈቱታላችሁ። መጀመሪያ ስቶን ታውን፣ የድሮው ከተማ፣ ለእሱ። ጠባብ መንገድ፣ የተቀረጹ በሮች፣ የድሮው የባሪያ ገበያ ቦታ፤ ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ፣ ባህሩ ዳር የሚጠበስ ምግብ። ከዚያ ሰሜን፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ለአንቺ። ምሥራቁ፣ ፓጄ አካባቢ፣ ያምራል፤ ግን ባህሩ ሲሸሽ በጣም ርቆ ነው የሚሸሸው። ለመዋኘት ብለሽ ውሃ ፍለጋ ትሄጃለሽ። ሰሜን ላይ ይሄ ችግር ብዙም የለም። በታክሲ ፋንታ ዳላዳላ፣ የእነሱን ሚኒባስ፣ ያዙ፤ ሰው ይጠቀጥቃል እንጂ ርካሽ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ተከተቡና ካርዱን ያዙ። ለደሴቱ የጉዞ መድን ደግሞ በነፍስ ወከፍ 44 ዶላር አለ፤ ብዙ ሰው ይሄን ሳይቆጥር ነው ሂሳብ የሚሠራው።

የገራዶ ልጅ፦ ዛንዚባር አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። ከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ማድረግ ደግ ነው። ለወሎ ሰው ይሄ አይነገረውም መቼም።

ሐይቄዋ፦ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ድንኳን ጥለን ለማናውቀው ሰው ሁሉ ስናበላ ነውር የሚል የለም። ሁለቱ ለብቻቸው ጥቂት ቀን ሲያምራቸው ነው ኑሮ ውድነቱ ትዝ የሚለን። ድግሱ ላይ የሰንጋውን ቁጥር ቀንሱ፣ ትኬቱ ይወጣል።

ጋሽ ኮምቦልቻ፦ ድግስ ብድር ነው፣ ልጄ። አባቷ የሰው ሰርግ ሲበላ ኖሮ የራሱ ሲደርስ በሩን ይዝጋ?

የደሴዋ ሙሽራ፦ ጋሼ፣ በሩን አይዘጋም፤ ጠበብ ያድርገው ነው። ሰኔ ድረስ ጊዜ ካለን ከመልሱ በኋላ ላሊበላ ደርሰን እንመጣለን። እጮኛዬ ይሄን ሲሰማ ጫማውን ማሰር ነው የቀረው። አባቴን ስለ ድንኳኑ የሚያናግርልኝ ግን ሽማግሌ እፈልጋለሁ። እርስዎ ይሄዱልኛል?

ጋሽ ኮምቦልቻ፦ ላሊበላ ከገባችሁማ እሄዳለሁ። ሰንጋውን ግን አላስቀንስም።