የሠፈራችንን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥራት በምን እንወቅ?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ አካባቢ፣ የአንዲት ልጅ አባት

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ልጄ በመጪው መስከረም ሰባት ዓመት ይሞላታልና አንደኛ ክፍል መግባት አለባት። እስካሁን በግል መዋዕለ ሕፃናት ስትማር ቆይታለች፤ ነገር ግን የክፍያው ጭማሪ በየዓመቱ ደመወዛችንን እየቀደመ ስላስቸገረን፣ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ከቤታችን ብዙ በማይርቅ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልናስገባት አስበናል።

የቸገረን ነገር ትምህርት ቤቱ ጥሩ ይሁን አይሁን የምናውቅበትን መንገድ ማጣታችን ነው። ጎረቤት ስንጠይቅ አንዱ «ደረጃ 3 ነው፣ አትስጉ» ይለናል፤ ሌላው ባለፈው ዓመት በ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ብዙ ተማሪ እንዳሳለፈ ይነግረናል፤ ልጆቿን እዚያ የምታስተምር እናት ደግሞ ስለ ምገባውና ስለ ግቢው ንጽሕና ትመሰክራለች። ሁሉም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ልጄ በዚያ ትምህርት ቤት በትክክል ማንበብ፣ መጻፍና ማሰብ ትማር እንደሆነ ከነገሩኝ ውስጥ አንዱም አያስረዳኝም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ከሰማሁ ወዲህ፣ ያ ውድቀት የተጀመረው ከየትኛው ክፍል ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

እባካችሁ፣ በሙያው ያላችሁም ልጆቻችሁን በመንግሥት ትምህርት ቤት የምታስተምሩም ምከሩኝ። ምን ልጠይቅ? ምን ልመልከት? ማንንስ ላነጋግር?

መልስ፦ በትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን ሥራ ላይ የቆየ ባለሙያ

ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ያ «ደረጃ 3» የተባለው ምን እንደሆነ ላብራራልዎ፤ ብዙ ወላጅ ይዘቱን ስለማያውቀው ወይ ከሚገባው በላይ ይተማመንበታል፣ ወይ ጭራሽ ይንቀዋልና።

ትምህርት ቤቶች የሚመዘኑት 26 ስታንዳርዶች ባሉት ማዕቀፍ ነው። ስታንዳርዶቹ ግብዓት (እንደ ሕንፃ፣ መሣሪያና የሰው ኃይል ያለው)፣ ሂደት (የማስተማሩና የአመራሩ ሥራ) እና ውጤት (ተማሪዎቹ የደረሱበት) ተብለው በሦስት ይከፈላሉ፤ ከመቶው ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ነጥብ ይይዛሉ። ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ደረጃ 1፣ 50 ደርሶ 70 ካልሞላ ደረጃ 2፣ 70 ደርሶ 90 ካልሞላ ደረጃ 3፣ 90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደረጃ 4 ይባላል። ስለዚህ 70 ያመጣውም 89 ያመጣውም እኩል «ደረጃ 3» ይባላሉ። አንዱ በመማሪያ ክፍል፣ በአጥርና በመምህራን የትምህርት ማስረጃ ጥሩ ነጥብ አግኝቶ በክፍል ውስጥ በሚሰጠው ትምህርት ሊያንስ ይችላል፤ ሌላው ግቢው ጠቦ፣ ወንበሩ አርጅቶ ሳለ መምህራኑ ተዘጋጅተው የሚገቡበትና የተማሪውን ድክመት የሚከታተሉበት ይሆናል። ለአንደኛ ክፍል ልጅ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

በመሆኑም ርዕሰ መምህሩን ሲያገኙ «ስንተኛ ደረጃ ናችሁ?» ብለው አይለፉት። የመጨረሻው ኢንስፔክሽን መቼ እንደተደረገ፣ በሂደት ዘርፍ ምን ያህል እንዳገኙ፣ እንዲያሻሽሉ የተነገራቸው ምን እንደነበረና ከዚያ ወዲህ ምን እንደሠሩ ይጠይቁ። የኢንስፔክሽን ግኝት የትምህርት ቤቱ መሻሻል ዕቅድ መነሻ መሆን ስላለበት፣ ጥያቄው ለርዕሰ መምህሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ድክመታችን የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ንባብ ነበር፤ ይህንና ይህን አድርገናል» ብሎ ሳያመነታ የሚያስረዳ ርዕሰ መምህር ካገኙ፣ በግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የምስክር ወረቀት ይልቅ እሱን ይመኑ።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ የታችኛው ክፍል መምህርት

ልጄ፣ «ውድቀቱ ከየትኛው ክፍል ይጀምራል?» ብለህ የጠየቅኸው ዋናውን ነገር ስለነካ ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል በማስተማር ነው፤ እኔ እንዳየሁት በሦስተኛ ክፍል ማንበብ ያልቻለ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ ያልፈዋል። የአካባቢ ሳይንሱንም የሒሳብ ጥያቄውንም የሚያገኘው በንባብ ነውና። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች የተካሄደ የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ነበር፤ ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ለክፍሉ ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጧል፣ አዳዲስ መጻሕፍትም ታትመዋል፤ የትምህርት ቤትን ጥራት ለማወቅ ለሚፈልግ ወላጅ ግን መነሻው ዛሬም ይኸው የንባብ ጉዳይ ይመስለኛል።

ስለዚህ የ6ኛ ክፍሉን ውጤት ለጊዜው ተወውና በዚያ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱ የጎረቤት ልጆችን፣ ከተቻለ ሦስት አራት፣ ወላጆቻቸውን አስፈቅደህ አስነብባቸው። የራሳቸውን የመማሪያ መጽሐፍ ግን አትስጣቸው፤ ብዙ ልጆች የመጽሐፉን ምንባብ በቃላቸው ይዘውት በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ያነቡ ይመስላሉ። ከዚህ ቀደም ያላዩትን፣ ቃሎቹ የሚያውቋቸው የሆኑ አንድ አጭር አንቀጽ ራስህ ጻፍላቸው። ካነበቡ በኋላም ስለ ምን እንደሚናገር ጠይቃቸው፤ ፊደሉን አገጣጥሞ ያነበበ ሁሉ ተረድቶታል ማለት አይደለምና። ለአንደኛ ክፍሎቹ ደግሞ ፊደሉን ከመሃል እያወጣህ አሳያቸው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ የሚወርዱት ብዙዎች ናቸው፤ «ዲ»ን ለብቻዋ ሲያዩ ግን «ደ፣ ዱ፣ ዲ» ብለው ካልቆጠሩ የማያውቋት፣ «ለ»ን ከ«ሰ» እና ከ«በ» የሚያሳክሩ ሞልተዋል። ይህ የልጆቹ ስንፍና አይደለም፤ በኅብረት እየተባለ ብቻ እንጂ አንድ በአንድ አለመጠየቃቸውን ያሳያል።

ቀጥለህ ደብተራቸውን ተመልከት። ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለውን ስትገልጥ ሁሉም ከጥቁር ሰሌዳ የተገለበጠ ከሆነና በየገጹ ግርጌ «ታይቷል» የሚል ፊርማ ብቻ ካለ፣ መምህሩ ደብተሩን አላረመውም። በደንብ የታረመ ደብተር ላይ የተሳሳተው ቃል ተሰምሮበት፣ ልጁም አስተካክሎ ጽፎት ታገኛለህ፤ የቃለ ጽሕፈት ሥራ በየሳምንቱ ይታያል፤ ልጁ ራሱ አስቦ የጻፋቸው ዓረፍተ ነገሮች፣ ስሕተት ቢኖርባቸውም እንኳ፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ይልቅ በመጨረሻው ረዘም ብለው ይገኛሉ።

በዚህ ላይ ፍትሕ እንዳይጓደል ስለ ክፍሉ የተማሪ ብዛት ጠይቅ። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ እሱም ለትንንሽ ልጆች ብዙ ነው። ስድሳና ሰባ ልጅ የያዘች መምህርት የሁሉንም ደብተር በየቀኑ ታርም ማለት አይቻልም፤ ግን በቡድን ከፍላ፣ ዛሬ የእነዚህን ነገ የእነዚያን እያየች በሳምንት ውስጥ ሁሉንም የምታዳርስ አለች፤ ጨርሶ የተወችውም አለች። ልዩነቱን ደብተሩ ይነግርሃል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለርዕሰ መምህሩ አቅርብለት፦ «አንደኛ ክፍልን የምትመድቡት ለማን ነው?» ጠንካራ የሚባሉትን መምህራን ሁሉ ፈተና ላለባቸው ክፍሎች አውለው፣ አዲስ የተቀጠረውን ወይም ከሌላ ክፍል የተገፋውን ወደ አንደኛ ክፍል የሚልኩ ትምህርት ቤቶች አይቻለሁ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ፊደል ማስቆጠር ቀላል ሥራ የሚመስለው ሠርቶት ለማያውቅ ሰው ነው። የተለማመደች መምህርቱን አንደኛ ክፍል ላይ አጽንቶ የሚያቆይ ርዕሰ መምህር ሥራውን የሚያውቅ ነው።

መልስ፦ ሁለት ልጆቿን በመንግሥት ትምህርት ቤት የምታስተምር እናት

መምህርታችን ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ከባለሙያው ወንድማችን ጋር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። የኢንስፔክሽን ቡድን ሊመጣ ሲል የሚደረገውን ዝግጅት እኛ ወላጆች እናየዋለን። ልጆቼ ይማሩበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት የመርጃ መሣሪያዎች ከመጋዘን ወጥተው በየግድግዳው ይለጠፉ፣ ያልተሰበሰቡ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ይጻፍላቸው ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ደረጃው ከፍ አለ፤ በልጆቼ ክፍል ውስጥ ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም። ስለዚህ በወረቀት ላይ የሰፈረውን ነጥብ፣ በሂደት ዘርፍ ያለውንም ቢሆን፣ በዓይን ከሚታየው ነገር አስቀድሜ አላምነውም።

እኔ የምመክረው በተራ የትምህርት ቀን ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በበሩ አካባቢ መቆየትን ነው። ደወል ከተደወለ በኋላ መምህራኑ በስንት ደቂቃ ክፍል ይገባሉ? መምህር የሌለበት ክፍል አለ? ካለስ ማን ይሸፍነዋል? በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚባክን ልጆቹ ራሳቸው በትክክል ይነግሩሃል። ከዚያ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ እንዳለው እይ፤ ሴት ልጅ ስላለህ ይህን እንደ ትርፍ ነገር አትቁጠረው። ልጄ መጸዳጃ ላለመሄድ ስትል ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ ትውል እንደነበር ያወቅሁት ከታመመች በኋላ ነው።

ስለ ምገባው ጎረቤትህ የነገረችህንም ቀላል አታድርገው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባው፣ የደንብ ልብሱና ደብተሩ መቅረቡ፣ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ዴስኩ ላይ የሚተኛውን ልጅ ነቅቶ እንዲማር አድርጎታል፤ የእኔ ልጆች ምገባውን ያን ያህል ባይፈልጉትም አጠገባቸው የሚቀመጠው ልጅ ሲረጋጋ እነሱም ይማራሉ።

የፈተናውን ውጤት በተመለከተም፣ ስንት በመቶ አለፉ ከማለትህ በፊት ስንት ልጆች ተፈተኑ ብለህ ጠይቅ። ከዓመታት በፊት አንደኛ ክፍል የገቡት ስንት ነበሩ? ስድስተኛ ክፍል የደረሱት ስንት ናቸው? የቀሩት በዝውውር ሄዱ ወይስ አቋረጡ? ደካማ የተባለውን ተማሪ በየምክንያቱ የሚሸኝ ትምህርት ቤት ከፍ ያለ መቶኛ ሊያስመዘግብ ይችላል። ደግሞም ወላጆቹ የተማሩና አስጠኚ መቅጠር የሚችሉ ከሆኑ ውጤቱ ግማሹ የቤት ነው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ መምህርት፣ ምክርዎ ዓይኔን ገልጦልኛል። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ልጃቸውን ገና ያላስመዘገቡ ወላጆች ርዕሰ መምህሩን እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጠይቁ እንደ መርማሪ አይታዩም ወይ? ሁለተኛ፣ ባለቤቴን በጣም የሚያሳስባት የእንግሊዝኛ ነገር ነው። ልጃችን በግሉ መዋዕለ ሕፃናት ብዙውን በእንግሊዝኛ ስትማር ስለቆየች፣ ወደ መንግሥት ስትሄድ ወደኋላ ትቀራለች ብላ ትሰጋለች።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ የታችኛው ክፍል መምህርት

ልጄ፣ አጠያየቁን ካወቅህበት ማንም አይቀየምህም። ነሐሴ ላይ በምዝገባው ግርግር መካከል አትሂድ። ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ወይም ከዩኒት ሊደሩ (የተወሰኑ ክፍሎችን ከሚያስተባብረው ኃላፊ) ቀጠሮ ያዝ፤ «ልጄን ላመጣላችሁ አስቤአለሁ፣ ከእኛ ከወላጆች ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለህ ጀምር። ይህን የተጠየቀ ሰው ስለ ትምህርት ቤቱ ችግር ራሱ ያጫውትሃል። ከወላጅ፣ ከመምህርና ከተማሪ ኅብረት አባላትም አንዱን አግኝ፤ በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ እንደተሰበሰቡና መዋጮ ከማሰባሰብ ሌላ ስለ ትምህርቱ ምን እንደተነጋገሩ ጠይቀው።

ስለ እንግሊዝኛው ባለቤትህ መስጋቷ አይፈረድባትም። በአዲስ አበባ በአማርኛ በሚያስተምሩት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 6ኛ ክፍል ትምህርቱ በአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ይሰጣል፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሌላውም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆናል። ይህ ሽግግር ከባድ ነው፣ አልደብቅህም። ከግል መዋዕለ ሕፃናት የመጡ ብዙ ልጆችን ተቀብያለሁ፤ የእንግሊዝኛ ቃላት ያውቃሉ፣ መዝሙሩንም ይዘምራሉ፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም የተጻፈ ዓረፍተ ነገር አንብቦ መረዳት ግን የሚከብዳቸው ጥቂቶች አልነበሩም። በምትናገረው ቋንቋ አጥርታ ማንበብ የቻለች ልጅ ንባቡን ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይዛው ትሻገራለች። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ማን እንደሆነና ትምህርቱን በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥ አጣራ፤ እንግሊዝኛን ከዳር እስከ ዳር በአማርኛ እየተረጎመ የሚያስተምር ከሆነ ጉድለቱን በቤት ለመሙላት ከአሁኑ ተዘጋጁ።

ሁሉን አሟልቶ የሚገኝ ትምህርት ቤት አትጠብቅ። ቤተ መጻሕፍት ከሌለው መጽሐፍ ትገዛላችሁ፣ እንግሊዝኛው ከደከመ ታስጠኗታላችሁ። መምህር የማይገባበት ክፍልን፣ ልጆችን የሚያሸማቅቅ ዱላንና ደብተር የማያርም መምህርን ግን ከቤት ሆናችሁ አታካክሱትም፤ ከነዚህ ሦስቱ አንዱን በተደጋጋሚ ካየህ በእግር ጥቂት ራቅ ወዳለው ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄደህ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠይቅ።