ገንዳዬ ሳይጠናቀቅ ክረምቱ ሊገባብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ለገጣፎ ነው። ግቢዬ ውስጥ 4 በ8 ሜትር የሆነ የኮንክሪት መዋኛ ገንዳ እያሠራሁ ነው። ወለሉም ግድግዳውም ተሞልቷል። አካባቢው ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ከገንዳው ሥር ያለው ወጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል (ውሃ ሲነካው በማያብጥ የተመረጠ ሙሌት) ተተክቷል።

የቸገረኝ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ቦታ ነው። ለሙከራ ውሃ ሲሞላ በውጭ በኩል መስመሩን ተከትሎ ያልበዋል። ሲደርቅ በጣቴ ስነካው ነጭ ዱቄት ይይዛል። ፎርማኑ «ውሃ በማያስገባ ልስን ይደፈናል፣ አታስብ» ይለኛል። ሌላ ባለሙያ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ዋተርስቶፕ (ውሃ እንዳያልፍ ኮንክሪቱ ውስጥ የሚቀበር የፕላስቲክ ወይም የጎማ ማገጃ) ስላልገባ ልስን ብቻውን አይዘልቅም አለ። ማንን ልመን?

የባሰው ጭንቀቴ ክረምቱ ነው። ባዶ ገንዳን የከርሰ ምድር ውሃ ከሥር ገፍቶ ሊያነሳው ይችላል። ሞልቼ ብተወው ደግሞ የሚያፈሰው ውሃ የዙሪያውን አፈር ያሳብጥብኛል። ዙሪያውን የጠጠር ማፋሰሻ ባሠራ በቂ ነው?

መሐንዲሶችም፣ በጥቁር አፈር ላይ ገንዳ የሠራችሁም፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ልጆቼ በጉጉት እየጠበቁ ነው፤ አስተማማኝነቱ ሳይረጋገጥ ግን አላስገባቸውም። ሰኔ ሳይገባ መወሰን አለብኝ።